የመቂ ጋሪና የጨረቃ ጎማ

ከሞጆ ወደ ዝዋይ ስትጓዙ መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ ጋሪ ማየታችሁ አይቀርም። የጋሪው ጎማ ጭነቱን የሚችለው በላስቲኩ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ በከመነዳሪው ውስጥ በታመቀው አየር ኃይል ጭምር ነው እንጂ። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ የሰው ልጅ በጨረቃ ላይ ለመመላለስና ለመኖር በደከመበት ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው።

ጥር 28 ቀን 1963 ዓ.ም. በአፖሎ 14 ጨረቃ ላይ የወረዱት አለን ሼፐርድና ኤድጋር ሚቸል፣ በእጅ የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነበራቸው። ጎማዎቹም በናይትሮጂን የተነፉ ነበሩ። በማግስቱ ኮን ወደሚባለው ታላቅ ጉድጓድ አፋፍ ሲወጡ ጋሪው በአቧራው ላይ አስቸገራቸው፤ አንዳንድ ጊዜም ለሁለት ተሸከሙት። በመጨረሻም ድካሙ ስለ በረታ አፋፉን ሳያዩ ተመለሱ። የቀራቸው መንገድ ግን እጅግ ጥቂት እንደ ነበረ ኋላ ታወቀ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አፖሎ 15 በኤሌክትሪክ የምትነዳ መኪና ወሰደ። ክብደቷ በምድር ሚዛን 210 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ጎማዋ አየር የሌለበት፣ ከብረት ሽቦ የተሸመነ ነበረ። የጨረቃ ቀን ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ፣ የሌሊቱም ብርድ ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ ለዚያ ስፍራ ሽቦው ከላስቲክ ተመረጠ። ሰዎቹም በእርሷ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዙ።

ስለ መኖሪያ ቤት የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ብረትና ሲሚንቶ ከምድር መጫን እጅግ ውድ ስለ ሆነ፣ መሐንዲሶች ታጥፎ የሚጫንና እዚያ ሲደርስ የሚነፋ የጨርቅ ቤት አሰቡ። ሩስያዊው አሌክሲ ሌዎኖቭ መጋቢት 9 ቀን 1957 ዓ.ም. ከመንኰራኵሩ ወደ ጠፈር የወጣው በተነፋ መተላለፊያ በኩል ነበር። ሊመለስ ሲል ልብሱ ራሱ እንደ ፊኛ ስለ ተነፋ፣ ነፍሱን ለማዳን ከልብሱ አየር መቀነስ ግድ ሆነበት። ግንቦት 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ 16 ሜትር ኩብ የሚሆን ክፍል በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተነፋ፤ ከሁለት ቀን በፊት ሲሞከር ጨርቁ አልዘረጋ ብሎ ነበር።

ችግሩ ይህ ነው፤ በጨረቃ ላይ ከውጭ የሚገፋ አየር የለም። ቤቱ እንደ ምድር አየር ቢሞላ፣ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግድግዳ 10 ቶን ያህል ግፊት መቻል አለበት። የመቂው ባለ ጋሪ ጎማው ቢተነፍስ ወርዶ ያስጠግናል፤ የጨረቃ ነዋሪ ግን ቤቱ ቢተነፍስ እርሱ መተንፈሻ ያጣል። እንዲህ ያለ ቤት በጨረቃ ላይ ገና አልተተከለም፤ በሚተከልበት ቀን ግን የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው፣ አስቀድሞ በምድር ላይ ስፌቱን በመረመረው ሠራተኛ ትጋት ላይ ይሆናል።