ቁርጥማት ሁሉ ብርድ አይደለም

ሮም ፒኜቶ ሰፈር የምንኖር ሐበሾች ስንገናኝ ከጨዋታችን የማይጠፋው የቁርጥማት ነገር ነው። አብዛኞቻችን ሰው ቤት ሠርተናል፤ ሽማግሌ አንስተናል፣ ደረጃ አጥበናል። ስለዚህም እጃችንን ሲያመን «ብርድ ነው»፣ «ሪህ ነው» ብለን በቅባት እናልፈዋለን። እኔ ሩማቶይድ አርትራይተስ ከሚባለው ጋር 12 ዓመት ስለኖርኩ፣ ለአንባቢያን ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

በሽታው ምንድን ነው?

ከብርድ አይመጣም፤ ተላላፊም አይደለም። የሰውነታችን መከላከያ ኃይል ጠላት መስሎት የገዛ መገጣጠሚያችንን ሲያጠቃ የሚፈጠር ብግነት ነው። ሪህ ከዩሪክ አሲድ ክምችት የሚመጣ ሌላ በሽታ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል። በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው ደግሞ ሲሠሩበት ያማል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ሩማቶይድ ግን ከእረፍት በኋላ፣ በተለይ ጠዋት ይብሳል። ሴቶችን ከወንዶች 2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል።

መቼ ወደ ሐኪም?

የሁለቱም እጆች ጣቶች ካበጡ፣ ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ አልታጠፍ ካሉና ይህ ለሳምንታት ከቀጠለ አይጠብቁ። የተበላ አጥንት አይመለስም፤ ብዙው ጉዳት የሚደርሰውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሁለት ዓመት በማስታገሻ ብቻ የቆየች አንዲት ጓደኛዬ ዛሬ ቁልፍ ማዞር ያቅታታል።

በሮም እንዴት ይታከሙታል?

ሜዲኮ ዲ ባዜዎ ኢምፔንያቲቫ ጽፎ ወደ ሬውማቶሎጎ ይልክዎታል። የደም ምርመራው ሩማቶይድ ፋክተርና አንቲ ሲሲፒ ይባላል፤ ሁለቱም ነጻ ቢሆኑ እንኳ በሽታው የለም ማለት አይደለም። በሽታው ሲረጋገጥ የስፔሻሊስቱን ወረቀት ይዘው ወደ አዝል ይሂዱ፤ በ006 ቁጥር ለበሽታው ክትትል የሚደረጉ ምርመራዎች ያለ ቲኬት ይሆናሉ። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ኤሴ-ቲ-ፒ የሚባለውን፣ ለ6 ወር የሚያገለግልና የሚታደስ ቁጥር ማውጣት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ ለሕክምና የመጣን ስደተኛ፣ ወረቀት የለውም ብሎ ለፖሊስ ማሳወቅን ይከለክላል።

ስለ መድኃኒቱ

አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ሜቶትሬክሳቶ ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! በየቀኑ መውሰድ ሊገድል ይችላል። የእኔ ቀን ሰኞ ስለሆነ የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ጽፌዋለሁ። ከእሱ ጋር ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል፤ ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታልና አልሠራም ብለው አይተዉት። ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ ለጽንስ አደገኛ ነው። ባዮሎጂካል የሚባሉት መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ግድ ነው፤ ተኝቶ የቆየ ነቀርሳ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ።

በጾምም ሆነ በጸበል ጊዜ ኮርቲሶንን በድንገት አያቋርጡ፤ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ወደ አገር ቤት ሲሄዱም እንደ ቢጫ ወባ ያለ ሕያው ክትባት ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

በመጨረሻም፣ ለሐኪም «ያመኛል» ብቻ ማለት አይበቃም። ጠዋት ጣትዎ እስኪታጠፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለሁለት ሳምንት ጽፈው ያሳዩ። ጣሊያንኛው ቢያጥርዎት እንኳ ቁጥሩ ይናገርልዎታል።