በአንጎል ውስጥ የተሠራ መርዝ

እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ሆሴ ከተማ፣ አንድ የ42 ዓመት ጎልማሳ እንደ ሐውልት ደርቆ ሆስፒታል ገባ። መናገርም መንቀሳቀስም ተስኖት ስለነበር አእምሮው የታወከ መሰለ። የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ዊልያም ላንግስተንና ባልደረቦቻቸው ግን ጣቶቹ በጥቂቱ እንደሚንቀሳቀሱ አስተዋሉ፤ እርሳስ ቢያስይዙት በዝግታ ጽፎ መለሰ። ልቡናው ሙሉ ነበር፤ የታሰረው አካሉ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተገኙ። ሁሉም በድብቅ ተሠርቶ በሄሮይን ምትክ የሚሸጥ ዕፅ በደም ሥራቸው የወሰዱ ነበሩ። የፓርኪንሰን በሽታ በዓመታት የሚያደርሰውን ጉዳት ይህ ዕፅ በቀናት ፈጸመው። ጥፋቱ የመጣው ዕፁ ሲቀመም ሳይታሰብ ከተፈጠረ ኤምፒቲፒ ከተባለ ውሑድ ነው።

የሚያስገርመው፣ ኤምፒቲፒ በራሱ ገዳይ አለመሆኑ ነው። መርዝ የሚያደርገው ሞኖአሚን ኦክሲዴስ ቢ የተባለው የአንጎላችን ኤንዛይም ነው። የዚህን ኤንዛይም ቤተሰብ በ1928 በጉበት ውስጥ ያገኘችው እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሄር ናት። የዘወትር ሥራው ዶፓሚንን የመሳሰሉ መልእክት አድራሽ ኬሚካሎችን ማፍረስ ነውና ቤት ጠራጊ ብንለው አያንሰውም። ጠራጊው የለወጠው መርዝ ዶፓሚን በሚገባበት በር ወደ ነርቭ ሕዋሳቱ ዘልቆ የኃይል ማመንጫቸውን ያፍናል።

በ1984 ኤንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት አስቀድመው የተሰጧቸው አይጦችና ጦጣዎች ከጉዳቱ ዳኑ። ታዲያ ተራውን የፓርኪንሰን በሽታስ በዚሁ መንገድ መግታት አይቻልም ይሆን? ሃንጋሪያዊው ዮዜፍ ክኖል በ1960ዎቹ ያጠኑት ሰሌጂሊን በ800 ሕመምተኞች ላይ ተፈተነ። በ1989 የወጣው ውጤት መድኃኒቱ ሌቮዶፓ የሚያስፈልግበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ ገለጸ፤ ደስታውም ታላቅ ሆነ።

በእኔ እምነት ደስታው ተቻኩሏል። ሰሌጂሊን ዶፓሚን ቶሎ እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ ምልክቱን ያቀላል፤ ሕዋሳትን ከሞት መታደጉ ግን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። እንደ እኔ በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው «ያስታግሳል» እና «ያድናል» ምን ያህል እንደሚራራቁ ያውቃል፤ ጥሪቱን ለመድኃኒት የሚያሟጥጥ ቤተሰብ ደግሞ ከተርጓሚው ይበልጥ ያውቀዋል።

የሳን ሆሴዎቹን ሕመምተኞች ሌቮዶፓ እንደገና አንቀሳቅሷቸዋል። የሞቱት ሕዋሳት ግን አልተመለሱም።