የጋዝ ጉድጓድን በሬዲዮ መከታተል

የተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓዶች ብዙውን ጊዜ ከከተማና ከኤሌክትሪክ መስመር ርቀው ይገኛሉ። በሶማሌ ክልል ያሉት የካሉብና የሂላላ መስኮች ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን ከሩቅ ሆኖ በመከታተል ረጅም ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በኒው ሜክሲኮና በኮሎራዶ ግዛቶች በሚገኘው የሳን ሁዋን ተፋሰስ በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች በግጦሽ መሬትና በሸለቆዎች መካከል ተበትነዋል። ቀደም ሲል ሠራተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና እየዞረ ግፊቱን በዓይኑ አንብቦ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። እርሱ ከሄደ በኋላ የሚደርስ ብልሽት የሚታወቀው ተመልሶ ሲመጣ ነው።

የርቀት ክትትል ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ አሠራር ነው። በጉድጓዱ አፍ የተገጠሙ ሴንሰሮች ግፊትን፣ ሙቀትንና የጋዝ ፍሰትን ይለካሉ። አንድ የመቆጣጠሪያ ሣጥን መረጃውን ሰብስቦ በምሰሶ ላይ ባለ አንቴና ይልካል። ኃይል የሚያገኘውም ከሶላርና ከባትሪ ነው። በአሜሪካ በሰፊው ከሚያገለግሉት ሞገዶች አንዱ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርትዝ ያለው ሲሆን፣ አነስተኛ ኃይል ላላቸው ሬዲዮዎች የተለየ ፈቃድ አይጠየቅበትም። ሞገዱ ተራራን ማለፍ ስለሚቸግረው በከፍታ ቦታ አቀባባይ ጣቢያ ይተከላል። ማዕከሉ ጉድጓዶቹን በየተራ ይጠይቃል፤ እነርሱም ይመልሳሉ።

ጥቅሙ በተለይ ባረጁ ጉድጓዶች ላይ ይታያል። ግፊቱ የተዳከመ ጉድጓድ ከጋዙ ጋር የሚመጣውን ውሃ ወደ ላይ መግፋት ያቅተዋል፤ ውሃውም በማውጫ ቧንቧው ውስጥ ተጠራቅሞ ጋዙን ያፍናል። በማውጫ ቧንቧውና እርሱን በከበበው የውጭ ቧንቧ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት መስፋቱ የዚህ ምልክት ነው። ተከታታይ ንባብ ካለ ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ከመቆሙ በፊት ይደረስለታል።

ክትትል በሌለበት ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ በካሊፎርኒያ አሊሶ ካንየን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 በዚያ የከርሰ ምድር ጋዝ ማከማቻ፣ በ1953 የተቆፈረ ጉድጓድ ቧንቧው በዝገት ተበልቶ ፈነዳ። አራት ወር ገደማ በቆየው ፍሳሽ ወደ 100 ሺህ ቶን የሚጠጋ ሚቴን ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀቁ። በ2019 የወጣው የምርመራ ዘገባ ጉድጓዱ ግፊቱን ያለማቋረጥ የሚከታተል መሣሪያ ስላልነበረው ፍሳሹን ወዲያውኑ መለየት እንዳልተቻለ ገልጿል።

ይሁን እንጂ ሬዲዮው የሚናገረው ሴንሰሩ የለካውን ብቻ ነው። በአንድ መጋጠሚያ በኩል የሚሾልክ ትንሽ ጋዝ በግፊት ንባብ ላይ ላይታይ ይችላል። መብረቅ አንቴናውን ሲመታ ወይም ባትሪው ሲደክም ደግሞ ጉድጓዱ ዝም ይላል፤ ዝምታውን እንደ ደኅንነት መቁጠር አደገኛ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ በተሠራ ሥርዓት መልስ ያልሰጠ ጉድጓድ ራሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ያስነሳል። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ወይም ከልክ ሲያልፍም በቦታው ያለው ቫልቭ የሬዲዮ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይዘጋል።

በአሜሪካ ምዕራብ ከብት አርቢው የመሬቱ ባለቤት ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ጋዝ የሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለእርሱ የሬዲዮው መምጣት የመኪና ምልልስንና አቧራን ይቀንስለታል፤ ጉድጓዱን በአካል የሚያይ ዓይንም አብሮ ይቀንሳል። ሚቴን በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ በከተማ ጋዝ የሚታወቀው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። በጉድጓድ አጠገብ የፉጨት ድምፅ የሰማ፣ ሣር ያለምክንያት ሲደርቅ ወይም ኩሬ ሲፍለቀለቅ ያየ ሰው እሳት መለኮስም ሆነ ሞተር ማስነሳት የለበትም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከጉድጓዱ ርቆ ከቆመ በኋላ በጉድጓዱ ምልክት ሰሌዳ ላይ ወደ ሰፈረው ስልክ መደወል ይኖርበታል።