ክታብና ክትባት፦ ፈንጣጣ፣ የላስታ ደጋና የሰውነት ትውስታ



የዛሬው ንግግሬ ከአንድ ግሥ ይነሣል፤ «ከተበ»። በግእዝ «ጻፈ» ማለት ነው። ከዚህ ሥር ሁለት ቃላት ወጥተዋል። አንደኛው ደብተራ በብራና ጽፎት፣ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ ነው፤ ሁለተኛው በክንድ የሚሰጠው ክትባት ነው። በላስታ ደጋ ያደገ ሰው ሁለቱንም ያውቃል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በክንድ ላይ የተጻፈውን የሚያነበውና ለዓመታት የሚይዘው ማን ነው? አያቶቻችንስ ከዚህ ምን ያህሉን ያውቁ ነበር? ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ፈንጣጣ በአገራችን ለዘመናት ሲመላለስ የኖረ በሽታ ነው። ሕዝቡም አንድ ዐቢይ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ፈንጣጣ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ አይያዝም። በዚህ ዕውቀት ላይ ባህላዊ ክተባ ተመሠረተ። ከታማሚው ቁስል ጥቂት መግል ይወሰድና የጤነኛው ክንድ በምላጭ ተጭሮ እዚያ ይደረጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ልማዱን መዝግቦታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በሕክምና ታሪክ ጥናቶቹ አብራርቶታል። ህንድ፣ ቻይናና ቱርክም ተመሳሳይ ልማድ ነበራቸው። እንግሊዞች ራሳቸው በ18ኛው ምዕተ ዓመት የተቀበሉት ከቱርክ ነው።

በተጫረው ክንድ ውስጥ ምን ይሆናል? በመጀመሪያ የሚደርሱት ጠላትን ሳይመርጡ የሚውጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ እነዚህን በ1880ዎቹ ያስተዋለው ኤልያ ሜችኒኮፍ ነው። ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ ሌሎች ሕዋሳት የቫይረሱን ቁራጭ ይዘው በብብት ወዳለው ንፍፊት ይሄዳሉ። በዚያ እጅግ ብዙ ዓይነት ቢ እና ቲ ሕዋሳት ይጠባበቃሉ፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። የመጣው ቅርጽ የገጠመለት ሕዋስ ይባዛል። ቲ ሕዋሳት ከፊሎቹ ሥራውን ያስተባብራሉ፣ ከፊሎቹም የተበከሉትን የሰውነት ሕዋሳት ይገድላሉ። ቢ ሕዋሳት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ። እነዚህ በቫይረሱ ገጽ ላይ ተጣብቀው ወደ ሕዋስ እንዳይገባ ይከለክሉታል፤ ለዋጮቹም ሕዋሳት ምልክት ይሆናሉ። ይህ ሥራ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። በሽታው ካለፈ በኋላ ጥቂቶቹ ሕዋሳት አይሞቱም፤ ከፊሎቹ በመቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ማምረታቸውን ይቀጥላሉ፣ ከፊሎቹም ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ ፈጥነው ይነሣሉ። የሰውነት ትውስታ የምንለው ይህ ነው። የፈንጣጣ ክትባት የወሰዱ ሰዎች ይህን ትውስታ ከ50 ዓመት በኋላም ይዘው ተገኝተዋል።

እንግዲህ ባህላዊው ክተባ በእርግጥ ይሠራ ነበር። ቫይረሱ በትንፋሽ ሳይሆን በቆዳ ስለሚገባ በሽታው ብዙውን ጊዜ ቀላል ይሆናል። ነገር ግን የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ነው። አንዳንዱ ተከታቢ ይሞታል፤ የተከተበውም ሰው በሽታውን ላልተከተበ ጎረቤቱ ያስተላልፋል። አንዱ የሚጠበቀው ሌላውን ለአደጋ በማጋለጥ ነበር። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ያሳየው መንገድ ይህን ዕዳ አስቀረ፤ በላም ፈንጣጣ የሠለጠኑት ሕዋሳት በቅርጽ መመሳሰል የሰውን ፈንጣጣም ይለያሉ።

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1971 ነው። በዚያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ ባለሁለት ጫፍ መርፌና የደረቀ ክትባት ይዘው፣ መኪና በማይደርስበት ሁሉ በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ተጓዙ። በሰሜኑ ደጋ ግን በብዙ ቦታ እምቢታ ገጠማቸው። ይህን እምቢታ ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ አልስማማም። በዚያን ጊዜ በአገራችን ይዛመት የነበረው ዓይነት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚገድል ቀለል ያለ ፈንጣጣ ነበር፤ ገበሬውም የአባቶቹ ክተባ ነበረው። ስለዚህ ጥያቄው «ክትባት ምንድን ነው?» ሳይሆን «የእናንተ ከእኛ በምን ይሻላል?» የሚል ነበር። ይህ ምላሽ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ምላሹም ከላይ ያልኩት ነው፤ አዲሱ ክትባት ጎረቤትን በፈንጣጣ አይበክልም። በአገራችን የመጨረሻው ታማሚ በ1976 በባሌ ዲሞ በተባለ መንደር ተገኘ፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ከ2021 ወዲህ በሰሜን ወሎ በተካሄደው ጦርነት ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ የሕፃናት መደበኛ ክትባትም ተስተጓጉሏል። ኩፍኝ ደግሞ እጅግ ፈጣን ተላላፊ ነው፤ ስርጭቱን ለመግታት ከመቶ 95 ያህሉ ሰው የተጠበቀ መሆን አለበት። ለገና ከየአቅጣጫው ምእመናን በሚጎርፉባት ላሊበላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኩፍኝ ያልተከተቡ ሕፃናት ከዚያ በፊት በሌሎች በሽታዎች ላይ ያከማቿቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ከመቶ 11 እስከ 73 ድረስ ያጠፋል። ሰውነት የተማረውን ይረሳል ማለት ነው። ክትባቱ ግን ይህን ጉዳት አያደርስም።

ነገ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በጥናት መስክ የምትሠማሩ ተማሪዎቼ፣ የላስታ እናት ስለ ልጇ ክትባት ስትጠይቃችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። «አንድ ጊዜ የያዘው አይደግመውም» የሚለውን ዕውቀት ከእናቷና ከአያቷ ወርሳ ይሆናል። ከዚያ ጀምሩ፤ ሳይንሱ ያረጋገጠውም ያንኑ ነው። የቀረውን፣ ማለትም ልጇ ያለ ሕመም እንዴት እንደሚማር፣ የእርሷ ልጅ መከተብም የጎረቤቷን ጨቅላ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ በትዕግሥት አስረዱ።