ከፔንዱለም እስከ ስበት ሞገድ
የፊዚክስ ትምህርትና የተማሪ ምርምር ታሪክ በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1957 አጋማሽ የብዙ አገሮች የሳይንስ ሊቃውንት መሬትንና በዙሪያዋ ያለውን ጠፈር በአንድ ጊዜና በአንድ ዕቅድ ለመለካት ተስማምተው «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው የሰየሙትን ሥራ ጀመሩ። ሥራው እስከ 1958 መጨረሻ ድረስ ዘልቋል። ለዚህ ዕቅድ ኢትዮጵያ ተፈላጊ ቦታ ነበረች፤ ምክንያቱም የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳታዘነብል ተጋድማ የምትቆምበት የማግኔት ወገብ በሀገራችን ላይ ያልፋል፤ አዲስ አበባም ለዚሁ መስመር ቅርብ ናት። በመስመሩ አካባቢ፣ ከመሬት በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ይህን ጅረት ከምድር ሆኖ መከታተል የሚቻለው መስመሩ በሚያልፍባቸው ጥቂት አገሮች ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በአራት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መለካት ጀመረ። ኮሌጁ ራሱ በካናዳውያን ኢየሱሳውያን መሪነት ከተከፈተ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ኦብዘርቫቶሪውን ያቋቋሙትና ሃያ ዓመት ያህል የመሩት የዚያው ማኅበር አባል የሆኑት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ መሣሪያው ተነቅሎ ወደ ሳጥኑ ሊመለስ ይችል ነበር፤ በሌሎች አገሮች እንዲህ የሆነባቸው ጣቢያዎች አሉ። የአዲስ አበባው ግን ቀጠለ፤ በማግኔቱ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ተጨመረበት፤ ብዙ ሳይቆይም በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት መሣሪያ በተተከለባቸው ጣቢያዎች መረብ ውስጥ ገባ።

የዚያን ዘመን መመዝገቢያ አሠራር ቀላል ነበር። አንድ ክብደት ይንጠለጠላል፤ መሬት ስትንቀሳቀስ ክብደቱ በባሕርዩ ባለበት ለመቆየት ስለሚሻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በብርሃን ጨረር አማካይነት በሚሽከረከር የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወረቀቱ በየቀኑ መለወጥ፣ መታጠብና መነበብ፣ ሰዓቱም ከራዲዮ ምልክት ጋር መመሳከር ነበረበት። ይህ አሰልቺ የሚመስል ሥራ ለፊዚክስ ተማሪ ከአንድ ሴሚስተር ንግግር የበለጠ ያስተምረዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የትኛው መስመር ከመሬት እንደ መጣ፣ የትኛው በበሩ አጠገብ ካለፈ ከባድ መኪና እንደ መጣ ለይቶ መናገር የሚችል ተማሪ ተመራማሪ መሆን ጀምሯል።

ምድሪቱም የምርምር ርዕስ አላሳጣችም። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከስድስት ዲግሪ በላይ የሚለካ ነበር፤ የማጀቴን ከተማ አፈራረሰ፣ ወደ አስመራ የሚወስደውንም አውራ ጎዳና ጎዳ። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሰርዶ የተባለችው ከተማ ፈረሰች። አባ ጉዌን የእነዚህንና ከእነዚህ በፊት በታሪክ መጻሕፍትና በመንገደኞች ማስታወሻ ተበታትነው የነበሩትን የመሬት መንቀጥቀጦች ወሬ አሰባስበው፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘውን ትልቅ መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎም የሀገሪቱን የአደጋ ቀጣናዎች የሚለይ ጥናት አውጥተው ነበር። የዚህ ማኅበር አባላት ሕንፃ ሲነድፉ ይከፍቱት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ ስምንተኛ ክፍል ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የደነገገው፣ እንዲህ ባለ የረዥም ዘመን ልኬት ላይ ተመሥርቶ ነው። በሥሌታችን ውስጥ አንድ ተራ ቁጥር መስሎ የሚገባው ነገር ለዓመታት በየዕለቱ የተለወጠ ወረቀት ውጤት መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም።

በዚሁ ዘመን አባ ጉዌንና እንግሊዛዊው የጂኦሎጂ መምህር ፖል ሞር የስበት መለኪያ ይዘው የኢትዮጵያን መንገዶች ተከትለው ተጉዘዋል፤ ውጤታቸውንም ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኦብዘርቫቶሪው መጽሔት ላይ አውጥተዋል። የመማሪያ መጻሕፍት ስበትን 9.8 ብለው ያልፉታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ወደ 9.77 ይጠጋል፤ ከተማይቱ ከፍ ያለች ናት፣ ከሥሯም ያለው ዐለት በሙቀት የሳሳ ነው። ከነጥብ በኋላ ባሉት በእነዚህ ትናንሽ አሐዞች ውስጥ የስምጥ ሸለቆው ታሪክ ተጽፏል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አባ ጉዌን ከኢትዮጵያ ሲወጡ የኦብዘርቫቶሪውን ኃላፊነት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ላዕከ ማርያም አስፋው ተረከቡ። ዘመኑ የከፋ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ብዙ መምህራንና ተማሪዎች ተገድለዋል፣ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። በዚያ ዓይነት ወቅት የአንድን ጣቢያ መዝገብ ሳያቋርጡ ማቆየት ራሱን የቻለ ታላቅ ሥራ ነው። ከላዕከ ማርያም በኋላ የመጡት እንደ አታላይ አየለ ያሉ ተመራማሪዎች በ1998 ዓ.ም. መባቻ በአፋር ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር ተሰንጥቆ እስከ ስምንት ሜትር ሲከፈት፣ ከውጭ አገር ጓደኞቻቸው ጋር በእኩልነት ቆመው ለማጥናት የቻሉት ይህ ሰንሰለት ስላልተበጠሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ፣ ብዙ ሺሕ ሕዝብም ከቀየው ሲነሣ፣ ሕዝቡ ማብራሪያ የጠየቀው እነዚህኑ ሰዎች ነበር።

በሌላ በኩል መሣሪያ በሌለበትም ፊዚክስ ተምሯል። የስታቲስቲካል ፊዚክስ ሊቁ ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት በታሰሩበት ወህኒ ቤት አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ከተፈቱ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመልሰው፣ በሕንድ አገር ባንጋሎር የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው፣ ብዙ ወጣት ተመራማሪዎችን ኮትኩተዋል፤ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድሬ ሳኻሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። የእሳቸው ሕይወት ከላይ የተባለውን የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በእስር ቤት ግድግዳ ሥር የነበረው ትምህርት የቃል ጥናት አልነበረም፤ ጥያቄ ነበረው፣ ጠያቂም ነበረው።

ከክፍል ጥያቄ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚቻል የሚያሳየው የስበት ሞገድ ታሪክ ነው። አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1916 ግዙፍ አካላት ሲንቀሳቀሱ ጠፈርን እንደ ውኃ ላይ ሞገድ እንደሚያናውጡ በሥሌት አሳዩ፤ ሞገዱ ግን እጅግ ደካማ በመሆኑ የሚለካ አይመስልም ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሬነር ዋይስ የተባሉ መምህር ስለ ስበት እንዲያስተምሩ ታዘዙ። የመስኩ ሊቅ አልነበሩም፤ ከተማሪዎቻቸው በጥቂቱ ብቻ ይቀድሙ እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ለተማሪዎቻቸው የሰጡት መልመጃ፣ በነፃ በተንሳፈፉ አካላት መካከል ያለውን ርቀት በብርሃን ብንለካ የስበት ሞገድን ልናይ እንችላለን ወይ? የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ሪፖርት ይህንኑ መልመጃ ወደ መሣሪያ ንድፍ አሳደጉት፤ የሪፖርቱም ዋና ቁም ነገር መሣሪያውን ሊያሳስቱ የሚችሉትን ንውጽውጽታዎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ ማስላቱ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ራስል ሐልስ የተባለ የዶክትሬት ተማሪ ከአማካሪው ከጆሴፍ ቴይለር ጋር ሲሠራ፣ በስምንት ሰዓት ገደማ አንዱ ሌላውን የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች አገኘ፤ ዙረታቸውም ሞገዱ በሚወስደው ኃይል ልክ እያጠረ መሄዱ ኋላ ተረጋገጠ። ተማሪውም አማካሪውም በ1993 የኖቤል ሽልማትን እኩል ተካፈሉ።

የዋይስ መልመጃ መልስ ያገኘው መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ በሁለት ቦታ የቆሙ፣ እያንዳንዱ ክንዳቸው አራት ኪሎ ሜትር የሆነ መሣሪያዎች፣ ከቢሊዮን ዓመት በፊት ከተጋጩ ሁለት ብላክ ሆሎች የተነሣውን ሞገድ መዘገቡ። የክንዶቹ ርዝመት የተለወጠው ከፕሮቶን ውፍረት አንድ መቶኛ በማይሞላ መጠን ነበር። ምልክቱን በመጀመሪያ ያየው በጀርመን አገር ሐኖቨር የሚሠራ ማርኮ ድራጎ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የጠረጠረውም ለሙከራ ሆን ተብሎ የገባ የውሸት ምልክት ይሆናል ብሎ ነው።

ለአራት ኪሎው ኦብዘርቫቶሪ ዘመድ የሚሆነው የዚህ መሣሪያ አሠራር ነው። እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ግራም የሚመዝኑት መስተዋቶች በአራት ደረጃ ተያይዘው የተንጠለጠሉ ፔንዱለሞች ናቸው። ዋናው ጠላታቸው የመሬት ንቅናቄ ነው፤ በሩቅ አገር የሚነሣ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሥራ ያወጣቸዋል። ለአዲስ አበባ ዜና የሆነው ለዚያኛው ጫጫታ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ የማወቁ ጥበብ ግን አንድ ነው። የተመዘገበው ልኬትም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ያለው የኢትዮጵያ ተማሪ የ2008ን ምልክት ራሱ ከጫጫታው ነጥሎ ሊያወጣው ይችላል። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ጠፈርና ስለ ከዋክብት የሚመራመሩ ተማሪዎች አሉ፤ ወደዚህ ለመሻገር የሚጎድላቸው ዕውቀት ሳይሆን አብሯቸው የሚቀመጥ አማካሪ ይመስላል።

አስቸጋሪው ከዩኒቨርሲቲ በታች ያለው ነው። መምህራንን የሚያሠለጥነው የባሕር ዳር ተቋም በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተከፈተ ወዲህ የወጡ የፊዚክስ መምህራን ብዙውን ጊዜ የሚመደቡት ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ነው። ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችውን ሳንጃን እንውሰድ። ሞቃት ቆላ ናት፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነትም በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ስለ ብላክ ሆል ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሳንጃ ከአዲስ አበባ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ከምድር ወገብም ትንሽ ራቅ ትላለች። በዚህም የተነሣ ስበት እዚያ በጥቂቱ ይበረታል። አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ሳንጃ ላይ በቀን ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይቀድማል።

ይህን በገመድና በድንጋይ ለማየት መቶ ውዝዋዜ አይበቃም፤ የአንድ ሜትር ፔንዱለም በሁለቱ ከተሞች መቶ ጊዜ ሲወዛወዝ የሚኖረው ልዩነት ከአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሰዓታት መቁጠር፣ የነፋሱን ግፊት መከልከል፣ የገመዱን መሳብ መቆጣጠር ያስፈልጋል። በብረት ዘንግ ቢሠራ ደግሞ የሳንጃ ሙቀት ዘንጉን ያስረዝመዋል፤ የሁለቱ ከተሞች የሙቀት ልዩነት 12 ዲግሪ ከሆነ፣ ስበቱ ከሚያስቀድመው ላይ ሙቀቱ በቀን 6 ሴኮንድ ያህል መልሶ ይወስዳል። እነዚያን 6 ሴኮንዶች አስልቶ ከውጤቱ የለየ የሳንጃ ተማሪ፣ በመጠን ይነስ እንጂ፣ የሠራው ዋይስ በ1972ቱ ሪፖርታቸው የሠሩትን ነው።