ዡቤር እንዴት ዩቤር ተባለ

ዡቤር የተባለው የፈረንሳይ የቤተ ሰብ ስም ከጥንት ጀርመናውያን የተወረሰ ሲሆን፥ ሁለተኛው ክፍሉ «ብሩህ» ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1685 ንጉሥ 14ኛው ሉዊ የናንትን አዋጅ በሻረ ጊዜ ብዙ ፕሮቴስታንቶች ተሰደዱ፤ ከነዚህም አንዱ ፒየር ዡቤር በ1688 ደቡብ አፍሪካ፥ ኬፕ ገባ። ስደተኞቹ በሆላንዳውያን መካከል ተሰባጥረው እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በ1701ም የኩባንያው ሹማምንት በትምህርት ቤት ሆላንድኛ ብቻ እንዲሰጥ አዘዙ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ ፈረንሳይኛ ከየቤቱ ጠፋ። የስሙ አጻጻፍ በላቲን ፊደል ሳይለወጥ ቢቆይም፥ አንደበት ግን «ዩቤር» አለው፤ በ1900 የሞቱት የትራንስቫል ጦር አዛዥ ጄኔራል ፒት ዩቤር የሚጠሩት በዚሁ ነው። ፊደል መልኩን ቢጠብቅም ድምፁን የሚያወርሰው ተናጋሪ ስለ ሆነ፥ የማስተማሪያን ቋንቋ የሚወስን ሁሉ የሚወስነው ለልጅ ልጅ መሆኑን ይህ ስም ያስረዳል።