የሰሎሞን ደጅ መመላለሻ፦ የምንጮቹ ምስክርነትና ልዩነት

በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በስተምሥራቅ የነበረው ባለ ዓምድ መመላለሻ በአዲስ ኪዳን በስሙ የሚጠራው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ምንጮቹ ጥቂት ከመሆናቸውም ሌላ ሁልጊዜ አይስማሙምና፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይተን እንመርምር፤ ስፍራውን ማን ሠራው? በዚያስ እነማን ተሰበሰቡ?

ስለ ሠሪው ቀዳሚው ምስክር፣ እ.ኤ.አ. በ37 ከካህናት ወገን የተወለደውና መቅደሱን በዓይኑ ያየው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ነው። እርሱ እንደሚለው መመላለሻው ጥልቅ ሸለቆ ላይ በቆመ የ400 ክንድ ቅጥር ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ነጫጭ ድንጋዮቹም 20 ክንድ ርዝመትና 6 ክንድ ቁመት ነበራቸው፤ ሥራውም የንጉሥ ሰሎሞን ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞንን ሕንፃዎች ሲዘረዝር ይህን መመላለሻ አያነሣም፤ ባቢሎናውያንም በ586 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ መቅደሱን አቃጥለዋል። ዮሴፉስ ራሱም ንጉሥ ሄሮድስ ኋላ እንደገና የተሠራውን መቅደስ ማደስ የጀመረበትን ጊዜ በአንዱ መጽሐፉ 15ኛ፣ በሌላው 18ኛ የንግሥና ዓመቱ ይለዋል። አይሁድ ከሮማውያን ጋር ካደረጉት ጦርነት ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ከ18,000 የሚበልጡ የመቅደሱ ሠራተኞች ሥራ ሲፈቱ፣ ሕዝቡ መመላለሻው እንደገና እንዲሠራ ቢለምንም፣ ንጉሥ ዳግማዊ አግሪጳ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል ብሎ እንቢ አለ፤ ከተማይቱ ግን በነጭ ድንጋይ እንድትነጠፍ ፈቀደ። ይህ ታሪክ ስፍራው በሄሮድስ ዘመን ከተሠሩት ይልቅ ያረጀ እንደነበር ይጠቁማል እንጂ የሰሎሞን መሆኑን አያረጋግጥም።

ስለ ተሰበሰቡት ግን ምስክርነቱ ይጠነክራል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ኢየሱስ በክረምት፣ በመቅደስ መታደስ በዓል፣ በዚያ ይመላለስ እንደነበር ይናገራል፤ የሐዋርያት ሥራም የመጀመሪያዎቹ አማኞች በአንድ ልብ የሚገናኙበት ስፍራ ያደርገዋል። እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ፤ ጴጥሮስና ዮሐንስ መልካም በተባለችው ደጅ የተፈወሰውን ሽባ ይዘው ወደ መቅደስ ከገቡ በኋላ፣ ሕዝቡ የሚከባቸው በውጪው አደባባይ ባለው መመላለሻ ነው። ኮዴክስ ቤዛ የተባለው ጥንታዊ የብራና ቅጂ እንደገና መውጣታቸውን በመጨመር ክፍተቱን ይሞላል። ንባቡ ለስፍራው አቀማመጥ ቢስማማም፣ ችግሩን የተረዳ ገልባጭ ያቃናው ሊሆን ስለሚችል በጥንቃቄ እንይዘዋለን።

ለስግደት ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባስ በዚያ ቆሞ ይሆን? የሐዋርያት ሥራ አይነግረንም። የግሪክ ጸሐፍት በዘመኑ «ኢትዮጵያ» ሲሉ በተለይ የሜሮዌን መንግሥት ማለታቸው እንደሆነ፣ የጃንደረባው ንግሥት የተጠራችበት «ህንደኬ»ም የዚያች አገር ንግሥታት ማዕረግ እንደነበረ መዘንጋት የለብንም። በ1871 እ.ኤ.አ. የተገኘው የመቅደሱ የግሪክኛ ጽሑፍ ባዕዳን የውስጡን አጥር እንዳያልፉ በሞት ያስጠነቅቃል፤ እንግዲህ ጃንደረባው እንደ ባዕድ ከተቆጠረ፣ ሊደርስ የሚችለው ይህ መመላለሻ እስካለበት አደባባይ ብቻ ነው። ይህ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 መቅደሱን አፈረሱ። ብያኔያችንም ይህ ነው፦ የሰሎሞን ስም በአንደኛው ክፍለ ዘመን የታመነበትን ትውፊት ይመሰክራል፤ የስፍራው ታሪካዊ ክብር ግን በሠሪው ማንነት ላይ ሳይሆን፣ የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን በአይሁድ መቅደስ ቅጥር ውስጥ በግልጽ የተሰበሰበችበት በመሆኑ ላይ ይቆማል።